ወረፋ ላይ የቀሩ ደብዳቤዎች

ጀምበሩ አራተኛውን የሙከራ ኢሜይል ከስልኩ ላከና ዓይኑን ኮምፒውተሩ ላይ ተክሎ ጠበቀ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ሳይጨርስ ገባ። እንደ ቀደሙት ሦስቱ ሁሉ አንዲት ፊደል አልጎደለበትም።

"ገባ ዶክተር" አለ ዘወር ሳይል። "ከውጭ የሚላከው ይገባል፤ ከዚህ የምንልከውም ይደርሳል። አዲሱ ሰርቨር ምንም አልሆነም።"

ዶክተር ምሥራቅ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች። ነጭ ጋዋኗን አላወለቀችም፤ በሽተኛ አስቀምጣ እንደመጣች ያስታውቃል።

"ምንም ካልሆነ የጤናዬ ውጤት የት ሄደ?"

ጀምበሩ ጤናዬ የምትባል ሰው አያውቅም። ደብረ ማርቆስ ባለው በዚህ የሕክምና ማዕከል ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ የበሽተኞችን ስም የሚያየው፣ ያውም አልፎ አልፎ፣ በኢሜይል አርእስት ላይ ነበር። ሥራው ደብዳቤውን ማድረስ እንጂ ማንበብ አይደለም። ዶክተሯ በአጭሩ ነገረችው። ጤናዬ ከደብረ ኤልያስ ገጠር የመጣች የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ የሦስት ልጆች እናት። ጥቅምት ስምንት ቀን ከጡቷ እባጭ ላይ ናሙና ተወስዶ አዲስ አበባ ወዳለ ላብራቶሪ ተልኳል። ውጤቱ ቢዘገይ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት በኢሜይል መምጣት ነበረበት። ዛሬ ኅዳር ዐሥር ነው።

"ሁለት ጊዜ በእግሯ መጥታ ጠይቃለች" አለች ዶክተር ምሥራቅ። "ካርድ ክፍል 'አልመጣም፣ ሲመጣ እንደውላለን' ብለው መለሷት። እኔም ላብራቶሪው አዘገየው ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ጠዋት ብደውልላቸው 'ከላክን ሰነበትን' አሉኝ።"

"መቼ ላክን አሉ?"

"እሱን አንተ ጠይቃቸው። እኔ የናንተን ቋንቋ አላውቅም።"

ሄደች። ጀምበሩ ወንበሩን አስጠግቶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

አሮጌው ሰርቨር ከሥራ የወጣው ጥቅምት ሃያ አምስት ቀን ነው። ሠራተኛው ሁሉ "ሽማግሌው" ይለው ነበር። እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ በበጋ ይግላል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ለመነሣት ይለገማል። ቢሆንም ጀምበሩ ይወደው ነበር። ተክሎ ያቆመው፣ ስሙንም ያወጣለት እሱ ነው። አዲሱ ሲመጣ ሁለቱ ለአራት ቀን ጎን ለጎን ሠሩ። በቀድሞው አድራሻ የሚመጣውን ደብዳቤ ሽማግሌው ይቀበልና ለአዲሱ ያሳልፋል፤ አራቱ ቀን ሲያልቅ ዓለም ሁሉ አዲሱን አድራሻ ይለምዳል፤ ሽማግሌውም ይጠፋል። ዕቅዱ ይኸው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ደብዳቤ ቀረብኝ ብሎ የመጣ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ መጀመሪያ የጠረጠረው ሌላውን ነው። የአይፈለጌ መልእክት መያዣውን ከፍቶ አንድ በአንድ አየ፤ የሎተሪና የመድኃኒት ማስታወቂያ ብቻ ነው። የታገዱ ላኪዎችን ዝርዝር አየ፤ የላብራቶሪው ስም የለበትም። ስልኩን አነሣ።

ላብራቶሪው ውስጥ ያነሣችው ሴት ትሕትና ያላት፣ ግን የቸኮለች ነበረች።

"የላክንበትን መዝገብ ላንብብልዎት፤ ጥቅምት ሃያ ሁለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከዐሥራ አንድ ደቂቃ። ከናንተ በኩል ተቀብያለሁ የሚል መልስ መጥቷል። ተቀብያለሁ ከተባልን ደግሞ እኛ ምን ብለን እንልካለን ድጋሚ?"

"ልክ ነሽ። ተቀብያለሁ ያለው ማሽን ስም አብሮ ተጽፎ ይሆናል። ታነቢልኛለሽ?"

ፊደል በፊደል አነበበችለት። ሦስተኛው ፊደል ላይ ስትደርስ ጀምበሩ የቀረውን መስማት አላስፈለገውም። የሽማግሌው ስም ነው።

ማመስገኑን ረስቶ ስልኩን ዘጋ። ነገሩ በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ታየው። ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአዲሱን ሰርቨር የይለፍ ቃል ቀይሮ ነበር፤ ለሽማግሌው ግን አልነገረውም። ሽማግሌው ደብዳቤውን ከላኪው እጅ እየተቀበለ፣ "ተቀብያለሁ" እያለ፣ ወደ አዲሱ ደጅ ሲሄድ ይባረራል። እንደገና ይሄዳል፤ እንደገና ይባረራል። ደብዳቤዎቹ ወረፋ ይዘው ቆሙ። በአራተኛው ቀን ጀምበሩ መብራቱን አጠፋባቸው።

መሳቢያውን ስቦ የርክክቡን ቅጽ አወጣ። ዐሥራ ስምንት ተራ ቁጥር አለው፤ ያዘጋጀው ራሱ ነው። ዐሥራ አራተኛው "የአሮጌው ሰርቨር የደብዳቤ ወረፋ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ" ይላል። ከጎኑ በሰማያዊ ቢክ የተደረገ የራይት ምልክት አለ፤ ጅራቱ ረዘም ብሎ ወደ ላይ ወጥቷል፤ የቸኮለ ሰው ምልክት።

ያን ጠዋት አስታወሰ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጥቷል። አዲሱን ሰርቨር የገዙት ረጂዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ ለስላሳ ተደርድሯል፤ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ተዘጋጅቷል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጸጋው በበሩ አንገታቸውን አስግገው "እንግዶቹ እኮ ቆመው ነው፤ አልጨረስክም?" አሉት። ጀምበሩም አዲሱ ደብዳቤ እየተቀበለ ስለሆነ ወረፋው ባዶ ይሆናል አለ በልቡ። ምልክቱን አደረገ። ሽማግሌው ሲጠፋ ፎቶ ተነሣ፤ ተጨበጨበ።

አባቱ የኔታ ጥሩሰው ዲማ ላይ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ተማሪ "ይሆናል" ብሎ ሲመልስ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ይመቱና "ይሆናል የሰነፍ ምስክር ነው!" ይሉ ነበር። ጀምበሩ ይህን ለሌሎች እየተረከ ይስቅ ነበር፤ ዛሬ አልሳቀም። ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሮጠ።

ሽማግሌው በተሰበረ አልጋና በፕላስቲክ ወንበሮች መካከል መሬት ላይ ተቀምጧል። ላዩ ላይ "ለትምህርት ቤት የሚሰጥ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ዲስኩ ሰኞ እንዲጠረግ የፈረመው ራሱ ጀምበሩ ነው። ከሰኞ በኋላ ቢሆን ኖሮ የሚፈለግ ነገር አይኖርም ነበር።

"ሞዴል ሃያ ሁለት ሳይቆረጥ ከዚህ ምንም አይወጣም" አሉ የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ወይዘሮ ሥራነሽ፣ ከመነጽራቸው በላይ እያዩት።

"አላወጣውም ወይዘሮ ሥራነሽ። እዚሁ ላስነሣው።"

"እሱን? ሞቷል ብላችሁ አይደል ያመጣችሁት?"

"አልሞተም ነበር። እኛ ነን ያጠፋነው።"

ሴትየዋ ፊቱን አይተው ማከፋፈያ ገመድ ስበው አመጡለት። ጀምበሩ ተንበርክኮ ቁልፉን ተጫነ። ምንም የለም። እንደገና ተጫነ፤ ማራገቢያው አንዴ ዞሮ ቆመ። ክዳኑን ፈታ፤ ውስጡ የተጋገረ አቧራ ነው። በአፉ እፍ አለ፤ ካርዶቹን ነቅሎ በሸሚዙ ጠርዝ ጠርጎ መለሳቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ በለመነው ቁጥር ይነሣለት ነበር። "አንዴ ብቻ" አለው በሹክሹክታ፣ ወይዘሮ ሥራነሽ እንደሚሰሙት እያወቀ።

በሦስተኛው ማጓራት ጀመረ። ከሁለቱ ዲስኮች የአንዱ መብራት ቀይ ሆነ፤ ሌላው አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ። ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ስክሪኑ ሲበራ ጀምበሩ ላቡን በክንዱ ጠረገና ወረፋውን ከፈተ።

ሃያ ሰባት ደብዳቤ።

አብዛኛው ቢቀርም የማይጎዳ ነው፤ የስብሰባ ጥሪ፣ የመድኃኒት አከፋፋይ የዋጋ ዝርዝር፣ ለአንዲት ነርስ ከእኅቷ የተላከ የሠርግ ፎቶ። ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ "የናሙና ውጤት፣ አስቸኳይ" የሚል አርእስት አገኘ። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ሌላ ነገር ሳያደርግ ሃያ ሰባቱንም ወደ ፍላሽ ገለበጠ። ገልብጦ ሲጨርስ፣ ማንበብ ሥራው እንዳልሆነ እያወቀ፣ ዐሥራ ዘጠነኛውን ከፍቶ አነበበ። አብዛኛው የሐኪም ቋንቋ ነው። አንዷን ቃል ግን ሐኪም ያልሆነም ያውቃታል።

"ምነው?" አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ። "ምን ይላል?"

ጀምበሩ ፍላሹን ጨብጦ ወጣ።

ዶክተር ምሥራቅ ጀምበሩ አትሞ ያመጣላትን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በሽተኛዋን "አንዴ ደጅ ቆዩኝ እናቴ" ብላ አስወጣችና በሩን ዘጋች።

"የት አገኘኸው?"

ነገራት። ምልክቱንም፣ የይለፍ ቃሉንም፣ ሁሉንም ነገራት። ወንበር ላይ ተቀምጣ አዳመጠችው፤ አላቋረጠችውም።

"ፈጣኑ ዓይነት ነው" አለች በመጨረሻ። "የቀዶ ሕክምና ቡድኑ መቼ እንደመጣ ታስታውሳለህ?"

ጀምበሩ ያስታውሳል። ላፕቶፓቸውን ከኢንተርኔት ያገናኘላቸው እሱ ነው።

"ከጥቅምት ሃያ ስምንት እስከ ኅዳር ሁለት እዚህ ነበሩ" አለች ዶክተሯ። "ዐሥራ አንድ ሰው ሠርተው ሄዱ። ወረቀቱ በእጄ ቢሆን ዐሥራ ሁለተኛዋ እሷ ነበረች።"

"መቼ ይመለሳሉ?"

"ጥር።"

በመስኮቱ የባጃጆች ጥሩምባ ይሰማል። ጀምበሩ ሊጠይቃት የማይፈልገውን ጠየቃት።

"ዐሥራ ስምንት ቀን ለውጥ ያመጣል?"

"አላውቅም። ላያመጣ ይችላል፤ ሊያመጣም ይችላል። ይህን ቁርጡን የሚነግርህ ሐኪም አታገኝም፤ እኔም አልዋሽህም።"

ስልኳን አንሥታ አዲስ አበባ ደወለች። ከሦስት ሰው ጋር ተነጋገረች፤ ለመነች፤ ድምጿን ከፍ አደረገች፤ እንደገና ለመነች። ስትጨርስ አንድ አልጋ እስከ ነገ ማታ እንደሚያዝላት ነገረችው። ነገ ማለዳ ከማዕከሉ የሚነሣ አምቡላንስ አለ፤ ጤናዬ በዚያ ካልሄደች አልጋው ለሌላ ይሰጣል። ከዚያ የጤናዬን ቁጥር ደወለች። "የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን አገልግሎት መስጠት አይችሉም" አለ ስልኩ። የባሏም እንዲሁ ሆነ።

"ሰው መሄድ አለበት" አለች።

"እኔ እሄዳለሁ።"

ቀና ብላ አየችው። "ውጤቱን አንተ እንዳትነግራት። ለተጨማሪ ሕክምና ትፈለጊያለሽ በላት፤ የቀረውን እኔ እነግራታለሁ። የእኔ ሥራ ነው።"

መኪና ለማስፈቀድ አቶ ጸጋው ዘንድ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማዕከሉን ከሁለት ክፍል ተነሥተው እዚህ ያደረሱ፣ ሰው ሲሞትባቸው ምሳ የማይበሉ ሰው ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ።

"መኪናውን ውሰድ። ደመላሽ ይንዳልህ። ከዐሥራ አንድ ሰዓት በፊት ተመለሱ፤ መንገዱ ከዚያ ወዲያ አይታወቅም።" መሐረቡን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት። "ለቤተሰቡ ኔትወርክ ነበር በላቸው።"

"ኔትወርክ አልነበረም እኮ ጋሼ ጸጋው።"

"አውቃለሁ። ለኔ ነገርከኝ አይደል? ይበቃል። ዘንድሮ ኔትወርክ ጠፋ ቢባል የማያምን ሰው አለ? እነዚያ ረጂዎች ለሚቀጥለው ዓመት ሊፈርሙልን ነው። ይህ ወሬ ከወጣ አይፈርሙም። ያኔ የሚጎዳው አንተ ብቻ አይደለህም፤ የሚጎዱት እንደ እሷ ያሉት ናቸው። አስበው እስቲ።"

ጀምበሩ አሰበው። ክፋቱ፣ ሰውዬው ያሉት ውሸት ብቻ አልነበረም። እሺም እንቢም ሳይል ወጣ።

ሾፌሩ ደመላሽ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ዛሬ ግን ዓይኑ ከሰማዩ አልተነቀለም። ከከተማው እንደወጡ ከጮቄ ተራራ በኩል የተነሣ ጥቁር ደመና ሜዳውን ያጠላው ጀመር። በመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደ ጤፍ በየማሳው ተኝቷል። ሰው ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ እየሮጠ ነዶ ይሸከማል።

"በኅዳር ዝናብ!" አለ ደመላሽ። "ዓመት የለፉበትን ባንድ ከሰዓት ሊወስደው።"

"የታጨደ ላይ ከጣለ ምን ይሆናል?"

"ይበቅላል። ካልሆነም ይሻግታል። አንተ የገጠር ልጅ አይደለህም እንዴ?"

"አባቴ ከደብተራ ጋር እንጂ ከበሬ ጋር አልዋለም" አለ ጀምበሩ።

የጤናዬን ቤት ለማግኘት ሁለት ቦታ ጠየቁ። ከዋናው መንገድ ወርደው ጥቂት ከሄዱ በኋላ መኪናው የማይገባበት ሆነና አቁመው በእግር ወጡ። ባልና ሚስቱ ማሳው ላይ ናቸው። ባልየው ገዳሙ ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነው፤ በትከሻው ነዶ ተሸክሞ ወደ አውድማው ይሄዳል። ሴትየዋ ነዶዎቹን እያሰረች ታቀብለዋለች። በግራ እጇ ብቻ ነው የምታነሣው፤ ቀኟን ወደ ጎኗ ሰብስባዋለች።

"እንደምን ዋላችሁ! በርቱ!" አለ ደመላሽ ከሩቅ።

"እግዚአብሔር ይመስገን! ኑ ግቡ!" አለ ገዳሙ ሸክሙን ሳያወርድ። "ሰማዩ አላስቀምጥ ብሎን ነው፤ አትቀየሙን ጌቶቼ።"

ጀምበሩ ከየት እንደመጡ ሲናገር ሴትየዋ ማሰሯን ተወች። መቀነቷን አጥብቃ፣ ገለባውን ከቀሚሷ አራግፋ፣ ፈገግ ብላ ቀረበች።

"ከማርቆስ ድረስ ለእኔ ብላችሁ? ምነው ይህን ያህል መድከም!" አለች። "ክፉ ወሬ ክንፍ አለው ይባል የለ? ዝም ስትሉኝ ደኅና ብሆን ነው ብዬ፣ ባለፈው ለቁስቋም ስለቴን አገባሁ። ጥላ ነበር የተሳልኩት።"

ጀምበሩ የሚለውን ሁሉ በመንገድ አዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ ሁሉ የዶክተሯን መልእክት ብቻ አወጣ።

"ዶክተር ምሥራቅ ዛሬውኑ ትፈልግዎታለች" አለ። "ለተጨማሪ ሕክምና ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ይሄዳሉ። መኪና ይዘን መጥተናል።"

ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ ብሎ፣ ከዓይኗ ጀምሮ ወረደ። እጇ ሳታዘው ወደ ደረቷ ሄደ።

ገዳሙ ነዶውን አወረደ። "ውጤቱ መጣ ማለት ነው?"

"መጣ።"

"ዛሬ?"

ጀምበሩ ከመመለሱ በፊት ደመላሽ ቀደመው። እሱም ከአለቃው ትእዛዝ ተቀብሏል። "ኔትወርክ አስቸግሮን ነው አያ ገዳሙ። ያው የዘንድሮን ነገር ታውቁታላችሁ።"

"እሱማ ያው ነው" አለ ገዳሙ እየተነፈሰ። "እናንተስ ምን ታደርጉ። ባታውቁን እንኳ እዚህ ድረስ መጣችሁልን። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።" ወደ ሚስቱ ዞረ። "በይ ልበሺ። ልጆቹ እናቴ ዘንድ ይቆያሉ። ከእነዚህ ከእግዜር ሰዎች ጋር ሂጂ፤ እኔ ይቺን ከክምር ላይ ላድርግና ነገ እደርስብሻለሁ።"

"ብቻዬን አልሄድም" አለች ጤናዬ።

"ጤፉስ?"

"አልኩህ፤ ብቻዬን አዲስ አበባ አልገባም። ካልሄድክ እኔም ቀረሁ።"

ገዳሙ ማሳውን አየ። ግማሹ እንኳ አልተነሣም። ጎረቤቶቹን በዓይኑ ፈለገ፤ ሁሉም በየማሳው ወዲያና ወዲህ ይላል። ነጎድጓድ ከሩቅ አጉረመረመ።

ለጀምበሩ አሁን መሄድ ቀላል ነበር። የተመረቀ ሰው ነው። ሰውዬው ተናድዶበት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዝም ይል ነበር፤ ምርቃቱ ነው ያላስቻለው።

"ኔትወርክ አይደለም" አለ።

ደመላሽ "ጀምበሩ!" አለው ቀስ ብሎ።

"ውጤቱ ጥቅምት ሃያ ሁለት ነው ማርቆስ የገባው። አሮጌ ማሽን ነበረን፤ ደብዳቤ ተቀባይ። ከሥራ ሳወጣው ውስጡ የቀረ ደብዳቤ እንዳለ ማየት ነበረብኝ። ሳላይ አየሁ ብዬ ፈረምኩ። የእርስዎ ወረቀት እዚያ ውስጥ ቀረ። ዛሬ ነው ያገኘሁት።"

ቃላቱ ለገበሬ የማይገቡ መስሎት ሌላ ሊጨምር ሲል ጤናዬ ጠየቀችው።

"ስንት ቀን ይሆናል?"

"ዐሥራ ስምንት።"

"ያን ጊዜ ቢደርሰኝስ?"

ጀምበሩ ዓይኗን ሊያይ አልቻለም፤ እጇን አየ። "ቀዶ ሐኪሞች ማርቆስ መጥተው ነበር። ያኔ እዚያው ይሠሩልዎት ነበር።"

"ሁለት ጊዜ በእግሬ መጣሁ" አለች። ድምጿ ወቀሳ አልነበረበትም፤ ለራሷ የምታስታውስ ይመስል ነበር። "በሁለተኛው ጊዜ ያቺ ልጅ 'እናትዬ፣ ቢኖርማ እንሰጥዎት ነበር' አለችኝ። እዚያው ነበረ ለካ።"

ገዳሙ ወደ ጀምበሩ ተራመደ። ነዶ ማንሻውን መንሽ ከአጠገቡ አንሥቷል። ደመላሽ በመካከል ሊገባ አንድ እርምጃ ቀረበ፤ ጀምበሩ ግን አልተንቀሳቀሰም።

"አንተ ነህ?" አለ ገዳሙ። "አንተ" ሲል ቅድም በአክብሮት የተናገረበት አንደበት የሌላ ሰው ሆነ። "አንተ ነህ የፈረምከው?"

"እኔ ነኝ።"

"ምን አደረገችህ?"

ገዳሙ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መንሹን መሬት ላይ ወርውሮ ጀርባውን ሰጠውና ያወረደውን ነዶ እንደገና ተሸከመ። ሌላ የሚያደርገው አጥቶ ነው። ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ፤ ነዶው ከትከሻው ተንሸራትቶ ወደቀ፤ አላነሣውም።

"ገዳሙ" አለች ጤናዬ። "ይመሻል።"

ደመላሽ ሰዓቱን አየ። "እውነቷን ነው። አሁን ካልተነሣን መንገዱ ይዘጋብናል። አልጋው ደግሞ እስከ ነገ ነው።"

ባልየው ከሚስቱ ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ ሚስቱ አየ። የዓመት ጉርሻ መሬት ላይ ተኝቷል። ፊቱ ላይ የሚታየው ንዴት ሳይሆን፣ በሁለት ወገን የሚጎትቱት ሰው ድካም ነበር።

ጀምበሩ ጃኬቱን አወለቀ። አጥፎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው።

"አብራችሁ ሂዱ" አለ። "ጤፉን እኔ አነሣለሁ።"

"አብደሃል?" አለ ደመላሽ። "ዛሬ መመለሻ የለህም እኮ። ነገም መንገዱ ይከፈት አይከፈት ማን ያውቃል?"

"አልመለስም። ለቤቴ ደውልልኝ። ለአቶ ጸጋውም ምን እንደተናገርኩ ንገራቸው፤ ከሌላ ከሚሰሙት።"

ገዳሙ ዞሮ ከእግሩ እስከ ራሱ መረመረው። የከተማ ጫማውን፣ ለስላሳ እጁን፣ አቧራ የነካውን ነጭ ሸሚዙን አየ።

"ነዶ ከምረህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ?"

"ያሳዩኝ።"

ጤናዬ ወደ ቤቱ መንገድ ጀምራለች፤ ዘወር ብላ አላየችም። ገዳሙ ትንሽ አመነታ። ከዚያ የወደቀውን ነዶ አንሥቶ ወደ አውድማው ሄደ፤ ጀምበሩ ተከተለው። ባልየው ነዶውን ከተጀመረው ክምር ላይ ጣለው፤ በጉልበቱ ተጭኖ አስተካከለው።

"ፍሬው ወደ ውስጥ፣ አገዳው ወደ ውጭ" አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። "ክብ አድርገህ። መሐሉን ከፍ አድርገው፣ ውኃው እንዲወርድ። ሸራው እዚያ አለ፤ ስትጨርስ አልብሰውና ዙሪያውን ድንጋይ ጫንበት። ጎረቤቴ ደምለው የራሱን ሲጨርስ ይደርስልሃል፤ ማን ነህ ቢልህ ራስህ ንገረው።"

"እሺ።"

ገዳሙ አላመሰገነውም፤ ይቅርም አላለውም። ጋቢውን ከአጥር ላይ አንሥቶ ወደ ሚስቱ ወረደ።

ጥቂት ቆይቶ የመኪናው ድምፅ ከታች ተሰማ፤ ከዚያ ራቀ። ጀምበሩ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ማሳው ገባና የመጀመሪያውን ነዶ አቀፈ። ካሰበው በላይ ከበደው።